በጋሽ ደምሴ ስም

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ለእናቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የጾም ግድፈቴን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያት ነው የተነሣሁት። እርሳቸው ታዲያ እንደ ልማዳቸው "ሌላ የቀረ አለ ልጄ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "የለም አባቴ" አልኩ። ነበረ። ዛሬ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ ልናገር ነው፤ ምናልባት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል የደፈርኩት።

ስሜ ገነት ነው። አትላንታ ውስጥ፣ ከአቮንዴል እስቴትስ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በአንድ የፀጉር ቤትና በአንድ የስልክ ሱቅ መሀል የተሸጎጠች ቢሮ ነበረችኝ። ታክስ እሠራ ነበር፤ የሰውን የዓመት ግብር ወረቀት እሞላ ነበር ማለት ነው። ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ኤርፖርት የሚሠራው፣ ባለ ሱቁ፣ የእኛ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። የሰው ገመና በእጄ ነበር ማለት ይቻላል። ማን የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ፣ ማን ከማን እንደተለያየ አውቃለሁ። ሰው እንዲህ አምኖ ራሱን ሲያስረክብህ አደራ ይባላል። እኔ አደራ በላሁ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ አሥር ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ እኛ ሐበሾች "በጆርጂያ ፖለቲካ ውስጥ ድምፃችን ይሰማ" ብለን ኮሚቴ አቋቋምን። ገንዘብ እያዋጣ ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደሩትን የሚደግፍ፣ እዚህ ፓክ የሚሉት ዓይነት ኮሚቴ ነው። ሕጉ አንድ ነገር ላይ አይደራደርም፤ ከትንሽ መዋጮ ከፍ አድርጎ የሰጠ ሰው ሁሉ ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራው ተጽፎ ለስቴቱ ሪፖርት ይደረጋል። ሪፖርቱም ዌብሳይት ላይ ይወጣል። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ "ይህን ፖለቲከኛ ማነው የሚያበላው?" ብሎ ማየት ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኜ እኔ ተመረጥኩ፤ ሪፖርቱን የምጽፈውም የምፈርመውም እኔ ሆንኩ። ኩራት ተሰማኝ። በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የሰፈራችንን ወንበር የሚፈልግ አንድ ተወዳዳሪ ነበር። ባዘጋጀንለት እራት ላይ መጥቶ "እንደምን አመሻችሁ" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን እንደሚያስብ፣ ለማን እንደቆመ የጠየቀው አልነበረም።

ሪፖርት የማስገቢያው ቀን ሲደርስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ፍሥሐ ቢሮዬ መጡ። ደንዉዲ የሚኖሩ፣ ኮሚቴያችንን ከጀመሩት አንዱ የሆኑ ሀብታም ናቸው። ስቶን ማውንቴን አካባቢ አፓርትመንቶች ነበሯቸው፤ በካምፓኒ ስም ስለሆነ ግን ተከራዮቹ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። የእርሳቸውንም ታክስ የምሠራው እኔ ነኛ! ወፍራም ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ገኒ፣ ይሄን ዲፖዚት አድርጊው። ስሜ ግን ሪፖርቱ ላይ እንዳይወጣ።"

"ጋሼ፣ አይሆንም እኮ። ሕጉ ስም ይላል።"

"ስም ጠፋ እንዴ?" ብለው ሳቁ። በአገጫቸው የፋይል ማስቀመጫዬን አሳዩኝ። "ስም በስም ሆነሽ! ለአምስት ስድስት ሰው በተን አድርጊው። ማን ቼክ ያደርገዋል? ደግሞ ለወገን ነው።"

ለምን ስማቸውን እንደሚደብቁ አላወቅኩም ነበር ብል እዋሻለሁ። በአፓርትመንቶቻቸው ግድግዳ ላይ ሻጋታ እየወጣ ተከራዮቹ ሲያማርሩ ከርመዋል። ተከራይ ባለቤቱ አላድስ ያለውን ቤት ራሱ አሳድሶ ከኪራዩ ላይ እንዲቀንስ የሚፈቅድ ሕግ ይቅረብ የሚባል ወሬም ነበር። ተወዳዳሪያችን ያንን ሕግ እንደሚቃወም ለአቶ ፍሥሐ ቃል ገብቶላቸዋል። ስማቸውና ሥራቸው ሪፖርቱ ላይ ከወጣ ግን ተከራዮቹ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይደርሱበታል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሁለትና ሁለት መደመር የማይችል ታክስ ሠሪ የለም። "አይ፣ ይውሰዱት" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሀብታም ሰው ስሜን አቆላምጦ ስለጠራኝ ይሆን? ኮሚቴው እንዳይፈርስ ይሆን? ምክንያቱን ስፈልግ ዓመታት አለፉ፤ ያገኘሁት ሁሉ ከድርጊቴ ያነሰ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ። ስም መረጥኩ። ከመረጥኳቸው ስሞች አንዱ የጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ በዲቪ የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ። ሽማግሌዎቹን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ክኒናቸውን በሰዓቱ ይሰጣሉ። የሚኖሩት አቶ ፍሥሐ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የጎረቤት ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው መኪናቸውን አስነሥተው ሆስፒታል የሚሮጡት እርሳቸው ናቸው። ተከራዮቹ የሻጋታውን ነገር ይዘው ወደ ማኔጅመንት ሲሄዱ ፊት ያስቀደሙት እርሳቸውን ነው። እርሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ቢሆንም በጾሜ ወቅት ቢሮዬ ከመጡ አንድ ነገር ለመቅመስ እንኳ ውጪ ይወጡ ነበር፤ እኔን እንዳላስጎመጅ ብለው።

ለምን እርሳቸውን መረጥኩ? ስማቸው ንጹሕ ስለሆነ። ማንም ስለማይጠረጥራቸው። የሰውን ንጽሕና ለራሴ እድፍ ሳሙና አደረግሁት። አድራሻቸውን ስጽፍ የሻጋታው ግቢ መሆኑን አይቻለሁ። ጣቴ አልቆመም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አቶ ፍሥሐ አይደሉም፤ እኔ። ፈርሜም የላክሁት እኔ ነኝ።

ተወዳዳሪያችን አሸነፈ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ የተከራዮቹ ሕግ ቀረበ፤ ሰውያችን ተነሥቶ ተናገረበት፣ ሕጉም በዚያው ቀረ። ተከራዮቹ ተናደዱ። ከመሀላቸው ጽጌ የምትባል፣ ልጇ አስም ያለበት ሴት፣ "ይህን ሰውዬ ማነው የገዛው?" ብላ ዌብሳይቱ ላይ ገባች። ያገኘችው የአቶ ፍሥሐን ስም አይደለም። የጋሽ ደምሴን ስም፣ የአፓርትመንታቸውን ቁጥርና ሥራቸውን ነው። በስብሰባቸው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጋሽ ደምሴ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቢሮዬ ገቡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ምናለ! ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ግራ ገብቶኝ ነው። እኔ ለዚህ ሰውዬ ገንዘብ ሰጥቻለሁ እንዴ?"

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሪፖርት ይታረማል። "ተሳስቼ ነው፣ አስተካክለዋለሁ" ብል እንኳ በግማሽ ውሸት ይድኑ ነበር። እኔ ግን ቅጣቱ ታየኝ፤ ሥራዬ፣ ስሜ፣ "ሐበሾቹ አጭበረበሩ" የሚለው ወሬ። አፌ ከልቤ ቀድሞ ተከፈተ።

"ሰጥተዋል እኮ ጋሼ። ረስተውት ነው። የእራቱ ዕለት።"

"እራቱ ላይስ ነበርኩ..."

"ሲወጡ በር ላይ ፖስታ ሰጡኝ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። 'ለልጆቻችን ይሁን' አላሉኝም?"

ያንን ቃል ከየት አመጣሁት? ማንም አላለውም። እርሳቸው ሊሉት የሚችሉትን፣ የእርሳቸው የሚመስለውን ደግ ቃል ፈጥሬ አጎረስኳቸው። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ።

"'ለልጆቻችን ይሁን'" አሉ ቀስ ብለው። "እላለሁ። እንዲህ ማለትስ እላለሁ።" ከዚያ ቀና አሉ። "ታላቅ ወንድሜን በእኔ ዕድሜ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ጥቃቅኑን ይረሳል። በኋላ የገዛ ቤቱን መንገድ። መጨረሻ ላይ እኔን 'አንተ ማነህ?' አለኝ። እንግዲህ እኔንም ጀመረኝ ማለት ነው።"

ፍርሃታቸውን በዓይኔ አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "ውሸቴን ነው" ብል በቂ ነበር። ውሃ ቀዳሁላቸው። "ድካም ነው ጋሼ፣ እንዲህ አያስቡ" አልኳቸው። በሰው አእምሮ ላይ እሳት ለኩሼ ውሃ በብርጭቆ አቀረብኩ።

ከዚያ ያደረጉትን የሰማሁት ታክሷን ልታሠራ ከመጣችው ከጽጌ ነው። ጋሽ ደምሴ ተከራዮቹን ራሳቸው ጠርተው፣ ፊታቸው ቆመው "ሰጥቼ ረስቼው ነው፤ በደልኳችሁ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ። የእኔን ኑዛዜ እርሳቸው ተናዘዙልኝ። ሰው ግን አልተቀበላቸውም።

"ይሄ ይረሳል እንዴ ገኒ?" አለችኝ ጽጌ። "ከአከራዩ በልተው ነው የሰጡት እንጂ! እኛ እንደ አባት አምነናቸው። አሁን ማንን ነው የምናምነው?"

ምን መለስኩላት? አንገቴን ነቀነቅኩ። ብቻ ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ ተከራዮቹ አንድ ላይ አልቆሙም። ጽጌ ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ገባች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ለቀቁ። ሻጋታው በቀለም ተሸፈነ።

ጋሽ ደምሴ ሥራቸውን ተዉ። ማንም አላባረራቸውም። ለአንዱ ሽማግሌ የሌላውን ክኒን ብሰጥስ ብለው ፈሩ። መኪና መንዳትም ተዉ። በመጨረሻ ሲያትል የምትኖር ልጃቸው ሜሮን መጥታ ልትወስዳቸው ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት ሊሰናበቱኝ መጡ። ሜሮን ውጪ መኪና ውስጥ እየጠበቀቻቸው ነበር።

"ልጄ፣ ሳልነግርሽ ብሄድ ደስ አይለኝም" አሉኝ። "ያን ዕለት ከዚህ ስወጣ ጠርጥሬሽ ነበር። ይቺ ልጅ ስሜን ሳታስፈቅደኝ ጽፋው ይሆን ብዬ አሰብኩ። አንቺን! በሽታው ነው መሰለኝ ሰው የሚያስጠረጥረኝ። ይቅር በይኝ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱ አፋቸው ውስጥ ነበር። አእምሯቸው ጤነኛ ለመሆኑ ያ ጥርጣሬ ራሱ ምስክር ነበር፤ እርሳቸው ግን እንደ ኃጢአት ቆጥረው ይቅርታ ይለምኑኛል። እኔ ምን አልኩ?

"ይቅር ለእግዚአብሔር ጋሼ።"

አልኩት። ይቅር አልኳቸው። እኔ፣ እርሳቸውን። ግንባሬን ሳሙኝና ቀለል ብሏቸው ወጡ።

ከዓመት በኋላ ሜሮን ስልክ ደወለችልኝ። ሐኪሞቹ መርምረው መርምረው ምንም አላገኙባቸውም። "ዳዲ ግን ቢሊቭ አያደርግም" አለችኝ። "'እኔ የማውቀውን ዶክተሩ አያውቅም' ይላል። እንትን፣ ብቻውን እንኳን ወደ ሱቅ አይሄድም። ሁልጊዜ ስላንቺ ጥሩ ነገር ያወራል፣ ሶ ላመሰግንሽ ብዬ ነው።" ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረው በልብ ሕመም አረፉ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ያልያዛቸውን በሽታ ሲጠብቁ ኖሩ ማለት ነው። ያንን በሽታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ፈርሷል። ቢሮዬን ዘግቻለሁ። ሪፖርቱን አላረምኩትም፤ የፈለገ ሰው ዛሬም ቢፈልገው ስማቸውን እዚያው ያገኘዋል። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። ተገድጄ ነው እንዳልል ማንም አላስገደደኝም። ሌሎችም ያደርጉታል እንዳልል፣ ሌሎቹ ጋሽ ደምሴ ፊት ተቀምጠው ውሃ አልቀዱም።

ይህ ለሰው ከመድረሱ በፊት ለሜሮን እነግራታለሁ፤ ከእርሷ ቀጥሎ ለጽጌ። ይጮኹብኝ ይሆናል፣ ስልኩን ይዘጉብኝ ይሆናል፣ ሕግ ፊት ያቆሙኝም ይሆናል። ይቅርታ አልጠይቃቸውም። ይቅርታን እንዴት አድርጌ እንደተጫወትኩባት አይታችኋል፤ ዳግመኛ በአፌ ልጠራት አይገባኝም። የምናገረው እውነቱን ብቻ ነው፣ ያን ቀን ቀትር ላይ መናገር የነበረብኝን፦ ጋሽ ደምሴ ለዚያ ሰው ምንም አልሰጡም። ምንም አልረሱም።