ከሥሩ ባዶ የሆነ በረዶ

ጓደኞቼ ቅዳሜ ጠዋት መሃል ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ ሰፈር ካፌ ሲቀጣጠሩ፣ እኔ ከምንኖርበት ከሆልምሊያ በታች፣ ወንዙ ፊዮርዱን፣ ወደ የብስ የገባውን ጠባብ ባሕር፣ በሚገናኝበት ቦታ፣ ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ዓሣ አጠምድ ነበር። ይህን ያስለመዱኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ምጽዋ ባሕር ላይ ያደጉ፣ ኦስሎ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ለማለት ጓለይ ይሉኛል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ብቻ ነበር።

ስለ ዓሣ የማያውቁት የለም። ክሩ ሲነካ በጣታቸው ብቻ ትልቅ ይሁን ትንሽ ይለዩታል። በረዶ ግን አያውቁም። እሱን የማውቀው እዚህ የተወለድኩት እኔ ነኝ፤ ገና ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሳለሁ ወንዝ አፍ ላይ ያለ በረዶ አይታመንም እየተባልን ነው ያደግነው። የባሕሩ ውሃ ዝቅ ሲል ዳር ላይ የረጋው በረዶ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ግን ቤት የሚያሠራ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ በየካያካችን ስንወጣ ውሃው ዝቅ ብሎ ነበር። መንጠቋቸው ላይ ትልቅ ዓሣ ገባና ሲታገሉ ካያካቸው ወደ በረዶው ተጠጋ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሊደገፉበት ሲሉ አየሁ። አይንኩት ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል። አላልኩም። እኛ ቤት ትልቅ ሰው በሥራው ላይ እያለ አይታረምም፤ ኦስሎ መወለዴም ከዚህ አላላቀቀኝም። ደግሞ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። እሳቸው ያውቃሉ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በረዶው ተሰብሮ ካያኩ ተገለበጠ። ያንቀኛል ብለው ውሃ የማያስገባውን ልብሳቸውን የአንገት ዚፕ ከፍተውት ስለነበር ውሃው ልብሳቸው ውስጥ ገባ። ሰደርያቸው ባያንሳፍፋቸው አልቆላቸው ነበር። የካያኬን ጭራ አስይዤያቸው እየቀዘፍኩ ጠጠራማው ዳርቻ ላይ አወጣኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ስማቸውን ስጠራቸው አይመልሱም። አምቡላንሱ እስኪመጣ አቅፌያቸው አለቀስኩ።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ እውነቱን ነገርኳቸው። አይቼ ዝም እንዳልኩ። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውለው ቅዳሜ እንውጣ አሉኝ። ስደርስ ካያካቸው ውሃው ዳር ቀርቧል። ከዚያ ብርድ ወዲህ ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ የሰደርያውን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። ልቆልፍላቸው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እፈራ ነበር፤ ዓሣ ማጥመዱን ከወሰድኩባቸው ምን እንደሚቀራቸው አውቃለሁ።

«ኔይ፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ እምቢታው በኖርዌይኛ አመለጠኝ። «ዛሬ አይወጡም። በዚህ እጅ፣ በረዶ እያለ፣ ከእንግዲህ አይወጡም።»

ትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሰደርያውን አውልቀው ሰጡኝ።

«ይህችን ቃል ያን ቀን ብትዪኝ ኖሮ፣ ጓለይ» አሉኝ፣ «ዛሬም እወጣ ነበር።»