ግራ እግር ወደ ፊት

የቆዳ ጓንት ላብ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ። በዝናብ የራሰ ኮርቻ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚሸተውን ይመስላል፤ ግን ትንሽ ይመርራል። ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን የቦክስ ግጥሚያ እንድዘግብ በተላክሁ ቁጥር ከገመዱ ራቅ ብዬ፣ ከኋላ ረድፍ እቀመጥ ነበር። ባልደረቦቼ ከሩቅ ማየት የምወድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምሸሸው ሽታውን ነበር። ምክንያቱን ስለ ጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ፤ የማውቀውን ከማላውቀው እየለየሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው ዓመት ነበር፤ እኔም አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። አባቴ ከሮብ ገበያ በላይ፣ በጮቄ ግርጌ ገብስ የሚያርስ ሰው ነበር። ለአርበኞች እህል አቀብለሃል ተብሎ ተያዘና ከተማው ምሽግ ውስጥ ታሰረ። እህሉን አቀብሎ ነበር፤ ይህን አልክድም። እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ስለ ሆነ፣ እኔ ከተማ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ በየማለዳው ስንቅ አደርስለት ጀመር።

ከምሽጉ በር ውጭ ተሰልፈን እንጠብቃለን። ጥበቃው ረጅም፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድም ክፉ ነበርና ጎረምሶቹ እንዲሞቀን ምክቶሽ እንጫወታለን። ምክቶሽ የዱላ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ዱላው በቀኝ እጅ ስለሚያዝ ቀኝ እግር ይቀድማል፣ ገላ በጎን ይዞራል። ዓይን ደግሞ የባላጋራን እግር ያያል፤ ምት የሚነሣው ከእጅ ሳይሆን ከተረከዝ ነውና። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ብወድቅ እንዳይጎዳኝ ብሎ፣ አውድማ ላይ፣ ጭድ በተበተነበት ነበር የሚያስተምረኝ።

አንድ ማለዳ የሁለት ጎረምሶችን ዱላ ካስጣልሁ በኋላ ከበሩ በኩል የሰው ሳቅ ሰማሁ። ለጣሊያን የተቀጠሩት ወታደሮች፣ የአስካሪዎቹ፣ አለቃ ነበር። በማዕረጉ ሹምባሽ ይሉታል። አስመራ ያደገ፣ ቦክስን ምጽዋ ላይ ከመርከበኞች የተማረ፣ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን የዞረ ሰው ነው።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«የት ነው እሱ?»

በአገጬ ወደ ሽቦው ውስጥ አመለከትሁት።

ጥቂት አሰበና፣ የምሽጉ አዛዥ ለበዓላቸው ቀን የቦክስ ግጥሚያ ማዘጋጀቱን ነገረኝ። ሁለት ያገር ልጆች ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው አዛዡ ፊት ቀርቦ አንድ ነገር ይለምናል። «በቅሎ የሚለምን አለ፣ ጠመንጃ የሚለምን አለ» አለ ሹምባሹ። «አንተ የምትለምነውን እኔ አልነግርህም።»

በማግሥቱ ከበቅሎዎቹ ጋጣ ጀርባ ልምምድ ጀመርን። መሬቱ ላይ አመዳይ ነበር። ፀሐይዋ በጋጣው ክዳን ላይ ስትወጣ ከእበቱ ጉም ይነሣል። ገለባ የታጨቀ ጆንያ ከባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጓንቱ አንድ ጥንድ ብቻ ስለ ነበረ እየተቀያየርን ነበር የምናጠልቀው፤ እኔ በምመታበት ጊዜ እሱ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይቀበለኛል።

ጠቡ የተጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

«ግራ እግር ወደ ፊት» አለኝ።

«ሥራ የሚያውቀው ቀኝ እጄ ነው።»

«ለዚያ ነው ከኋላ የምናስቀምጠው። ጌታ ሲሄድ አሽከር ይቀድማል።»

«የጦር ሰልፍ ላይ ሲሆን በኛ አገር ጌታ ነው የሚቀድም።»

ሳቀ። «ለዚያ ነዋ ጌቶቻችሁ ያለቁ» አለኝ። ቃሉ አሳዘነኝ፤ ግን ክፋት አላየሁበትም። ሰውዬው እንዲያ ነበር የሚቀልደው።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቦክስ ዘግቤ፣ ስንት አሰልጣኝ ጠይቄ የደረስሁበት ነገር ቢኖር፣ ሁለታችንም አልተሳሳትንም ነበር። ብርቱው እጅ ከኋላ ሲሆን ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይከብዳል። ከፊት ሲሆን መንገዱ ያጥራል፤ ባላጋራም አይጠብቀውም። በአምስተኛው ቀን ይህን በገዛ አፉ ቀመሰው። እንደ ልማዴ በቀኜ ቆሜ፣ ተረከዙ ሲነሣ አይቼ ቀደምሁትና ከንፈሩን አደማሁት።

አልተቆጣም። ደሙን በእጅጌው ጠረገና «ድገመው» አለኝ። ደገምሁት። «አሁን ቀስ ብለህ።» ቀስ ብዬ አሳየሁት። ተቀመጠና በሁለቱ እግሮቼ ዙሪያ አመዳዩ ላይ በእንጨት አሰመረ፤ እንድነሣም አዘዘኝ። ቦታውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። «በጎን ስትዞር ክብደትህ የትኛው ላይ ነው?» አለኝ። ነገርሁት። ስሕተቴን የሚመረምር መስሎኝ ምንም ሳላስቀር ነገርሁት። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ይህ የገበሬ አቋም ነው። የሚያውቅ ሰው ያገኘህ ቀን ያጠፋሃል» አለ።

አላመንሁትም። ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። እሱ ግራ እያለ እኔ ቀኝ እያልሁ ጊዜው ሄደ። በዚህ መካከል ስንቁን በሩ ላይ ከሚያጉላሉኝ ዘቦች ወስዶ በገዛ እጁ ለአባቴ ያደርስልኝ ጀምሯል። ከራሱ ዳቦም ግማሹን ቆርሶ ይሰጠኛል። ወደድሁት። ይህንንም አልክድም።

መላውን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። «አባቴን ይጠይቁልኝ» አልሁት። «እሱ ግራ ካለ ግራ ይሁን።»

በማግሥቱ ጓንቱን እያሰረልኝ፣ ቀና ሳይል «አባትህ፣ ሹምባሽ የሚልህን ስማ ብሏል» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ጤና ነኝ ብሏል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተከራከርሁም። ቀኝ እግሬ ግን የሰውን ቃል አይሰማ፣ ልምዱን እየተከተለ ወደ ፊት ይቀድም ነበር። ስለዚህ ሹምባሹ ከኋላዬ ካስማ ተከለና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን በጠፍር አሰረው። የማታርፍ በቅሎ እንደሚያስሩ። ከአርባ ቀን በላይ ታስሬ ተለማመድሁ። ከጋጣው ወዲህ የሚያልፉት አስካሪዎች «ሹምባሽ፣ ይቺኛዋን መቼ ትጭናታለህ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በመጨረሻ ጠፍሩ ሲፈታም እግሬ ከኋላ ቀረ። ሹምባሹ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና «አሁን ሰው ሆንህ» አለኝ።

ግጥሚያው ከምሽጉ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ፣ ጧት ነበር። አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ተተክለው ገመድ ዞሮባቸዋል። መኮንኖቹ ወንበር ላይ፣ ለጣሊያን ያደሩት ሹማምንት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እስረኞቹንም ተመልካች እንዲሆኑ አወጧቸውና በሽቦው አጠገብ አስቀመጧቸው። አባቴ ጫፍ ላይ ነበር። ከስቷል። እጁን አላነሣም፤ ብቻ እንዳየኝ አውቃለሁ።

ባላጋራዬ ከምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት የአንዱ ሹም ልጅ ነበር፤ እኩያዬ፣ በቁመት ትንሽ የሚበልጠኝ። ቦክስ መማሩን እንኳ አላውቅም ነበር። በገመድ የተሰቀለውን የመድፍ ቀለህ በብረት መቱና ጀመርን።

የሹሙ ልጅ መካከል ላይ ቆመ። ቀኝ እግሩ ከፊት ነው። ገላው በጎን ዞሯል፤ ተረከዙ በጣት ያህል ከመሬት ተነሥቷል፤ ዓይኑ እግሬ ላይ ነው።

ዞር ብዬ ሹምባሹን አየሁት። የውሃውን ባልዲ ያስተካክል ነበር።

በዚያች ቅጽበት የተደረገው ሁሉ ገባኝ፤ መግባቱ ግን አልጠቀመኝም። ወደ ራሴ አቋም ልመለስ ሞከርሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ከአርባ ቀን በላይ ያስተማሩት እግር በአንድ ደቂቃ አይመለስም። ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ሆኜ፣ የገዛ አባቴ ምት በሌላ ሰው እጅ እየመጣ ፊቴ ላይ ያርፍ ነበር። ሕመሙን አላስታውስም። የማስታውሰው እያንዳንዷ ምት ከየት እንደምትነሣ ቀድሜ ማወቄን ነው። በሦስተኛው ዙር ወደቅሁ፤ ተነሣሁና ደግሜ ወደቅሁ።

የሹሙ ልጅ ጠመንጃ ለመነ። ሰጡት።

ሹምባሹን ከጋጣው ጀርባ አገኘሁት። ጓንቱን እያናፈሰ ነበር። ሽታው እዚያ ነው የተጣበቀብኝ።

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩት?»

«አዎ። ማለዳ አንተን፣ ከቀትር በኋላ እሱን። እዚያው ሹሙ ግቢ።»

«ለኔ የገበሬ አቋም ነው ብለው?»

ጓንቱን አስቀመጠ። «መልካም አቋም ነው» አለኝ፤ ሳይሳለቅ። «እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። መልካም ባይሆን ለምን እወስደው ነበር?»

ሹሙ ለውለታው አዛዡን አማልዶለት፣ ወደ አገሩ የሚሄድበት ፈቃድ እንደ ወጣለት ነገረኝ። «ልጄ አራት ዓመት ሆናት፤ መልኳን አላውቀውም» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፦ «ብታሸንፍም አባትህን አይለቁትም ነበር።»

ይህ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። በሥራዬ ዘመን ሁሉ የሁለተኛ ምስክር ቃል ሳልሰማ አንድም ነገር አልጻፍሁም። ለዚህ ነገር ግን ያለኝ ምስክር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ዋሽቶኝ የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ጊዜ ልመታው ይገባኝ ነበር ትል ይሆናል። እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን የቆምሁት እሱ ባስተማረኝ አቋም መሆኑን ሳየው እጄን አወረድሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ወደ ደጀን መንገድ ወጡ። ወዴት እንደሚወስዷቸው የነገረን የለም። ቤተሰብ ሁሉ በእግሩ ተከተለ። ካሚዮኑ ጨሞጋ ወንዝ አጠገብ ሞተሩ ጋለና ውሃ ሊቀዱለት ቆሙ፤ እኛም እዚያ ደረስንባቸው። ዘቡ ዕድሜው የገፋ አስካሪ ነበር። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመልን።

አባቴ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። አንዱ ዓይኔ አብጦ ተከድኗል።

«መንገዱ አልራቀህም?» አለኝ።

«አልራቀኝም፣ አባባ። ስንቁ ይደርስዎት ነበር?»

«በየቀኑ። ያ አፍንጫው የዞረው ሰው ያደርስልኛል። ቃል አይናገር፤ አስቀምጦ ይሄዳል።»

ወደ ካሚዮኑ ይበልጥ ተጠጋሁ።

«ያ ልጅ ደህና አድርጎ ይቆማል» አለ አባቴ። «ከማን እንደ ተማረው እንጃ። አንተን ግን አላወቅሁህም። እግርህን ማን ቀየረብህ?»

ብነግረው ኖሮ አጭር ነበር። በስምዎ ዋሽተው አስረውኝ ነው ማለት ብቻ ነው። እሱ ግን ያንን ይዞ ነበር የሚሄደው። በእኔ ላይ የተቋጠረው ገመድ የእሱ ስም መሆኑን እያሰበ፣ እጁ በታሰረበት፣ ምንም ሊያደርግ በማይችልበት መንገድ ሁሉ።

«እኔው ነኝ፣ አባባ» አልሁት። «ሌላም ልሞክር ብዬ።»

ፊቱ ቀለል ሲል አየሁ።

«ሰው አታሎህ መስሎኝ ነበር» አለ። «ራስህ ከሆንህ ምን አለ። የሞከረ ይሳሳታል።»

ውሃ የቀዱት ሰዎች ተመለሱ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ተነሣ። አባቴ የካሚዮኑን ጎን በታሰሩት እጆቹ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ዓይንህን በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው» አለኝ። «ሳይብስ፤ አሁኑኑ።»

እንዳለኝ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ውሃው ጥርስ የሚያስነክስ ነበር። በእፍኜ እየጨለፍሁ ፊቴ ላይ አደረግሁት፤ ደጋግሜ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ደስ እንዲለው ብዬ። ቀና ስል ካሚዮኑ ማዶውን አቀበት ጨርሶ ወጥቷል፤ መንገዱ ላይ አቧራው ብቻ ነበር።