ባላጋራዋን ይዛ የመጣች አክስት

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ታንጉት ከሙጃ ተነስታ ላሊበላ፣ እኔ ቤት መጣች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ምርቱን እኩል እየተካፈሉ መሬቷን የሚያርሱላት የባሏ ወንድም አያ ሞላ ናቸው። ዘንድሮ ግን «የወንድሜ መሬት የእኔ ነው» ብለው ድርሻዋን ከለከሏት። ያ ማሳ ከሄደ አክስቴ የምትበላው የላትም።

እኔም በስልክ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቦታ አግኝቼ፣ በእኔ ስልክ እንድታወራ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ጠበቃ ፍለጋ ከከተማ ከተማ መንከራተት ቀረላት ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ።

በሩን ስከፍት... አያ ሞላ ከኋላዋ ቆመዋል!

ወደ ጓዳ ሳብ አድርጌ «እትዬ፣ ምነው እሳቸውን? ይኼ እኮ ምስጢር ነው፣ ማንም አይሰማሽም!» አልኳት።

«ማንም ካልሰማኝ ምን ይረባኛል? ሰው በሌለበት ይከሰሳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

አያ ሞላ ደግሞ ከሳሎን «ተጠርቼ እንዴት እቀራለሁ!» ይላሉ።

ምን ላድርግ... ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም አደግድገው ፊቱ ቆሙ። ተቀመጡ ብል ማን ሰምቶኝ!

ጠበቃዋ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ናት፤ አክስቴ ነገሩን ካስረዳቻት በኋላ ጠየቀቻት። «እናቴ፣ የመሬት ደብተሩ ላይ የማን ስም አለ?»

«የኔና የሟች ባለቤቴ። ፎቷችንም አለበት።»

«የእርስዎ ስም ካለበት የባለቤትዎ ወንድም ዝም ብለው ሊወስዱት አይችሉም።»

አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ ልጄ? የዘራሁት ገብስ አለ...»

«ማን ናቸው?» ጠበቃዋ ደነገጠች።

«ባላጋራዬ ነው» አለች አክስቴ፣ ረጋ ብላ።

«ውይ እናቴ! እኔ እኮ የእርስዎ ነኝ፣ እሳቸውን ማማከር አልችልም።»

አክስቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እሱንም ምከሪልኝ እንጂ ልጄ! እዚህ ያደረሰው መካሪ ማጣቱ አይደል?»

አያ ሞላ አንገታቸውን ደፉ። «ማሳውስ የሷ ነው... ገብሱን አጭጄ እኩሌታውን አገባላታለሁ፣ እንደ ቀድሞው» አሉ። ጠበቃዋም «በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክርም ይፈርምበት» አለች። እንባዬ እየመጣ እኔው ጻፍኩት፤ ጎረቤት ጠርተን አስፈረምን። አክስቴን እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

ሁለቱ ባንድ መኪና ወደ ሙጃ ከተመለሱ በኋላ ጠበቃዋ ደወለችልኝ።

«እባክህ እንደ አክስትህ ያሉ ባለጉዳዮች ካሉ ላክልኝ... ከነባላጋራቸው!»