ለምረቃ የመጡ ኮምፒዩተሮች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ባሕር አልተሻገርኩም፤ በረሃ ላይ ውኃ አልጠማኝም፤ ፓስፖርትም የለኝም። ከዱራሜ ተነሥቼ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ ነው የገባሁት። አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው «ተሰደድኩ» ቢል የሚስቅበት አይጠፋም። ነገር ግን አገር ቤት ያላችሁ እኩዮቼ በየዓመቱ በዚያው መንገድ ትመጣላችሁ፤ እዚህ ያለነውም ለወላጆቻችን በስልክ የማንነግራቸው ነገር ብዙ ነው። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ልሄድ ስል ዋዜማውን ቤታችን በሰው ተሞልቶ አመሸ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩልኝ። እናቴ ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ በልብሶቼ መሀል ሸጎጠችልኝ። አባቴ ግን ስለ ምግቡም ስለ ብርዱም አልተጨነቀም። «ጋሽ ጴጥሮስ አለልህ» ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጋሽ ጴጥሮስ አለልህ እኮ» ይላል። ጋሽ ጴጥሮስ የሰፈራችን ልጅ ነው። ቀድሞን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተምሮ፣ የካ ውስጥ የአንድ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኗል። አባቴ ደውሎ ቢነግረው «ልጅህ ልጄ ነው፤ ላከው» ብሎታል። እኔ የተሳፈርኩት አውቶቡሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቃል ላይም ነው ማለት እችላለሁ።

ኮተቤ እንደ ዱራሜ አይደለም። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እኛ ዘንድ ብርድ ከዝናብ ጋር መጥቶ ከዝናብ ጋር ይሄዳል፤ እዚህ ግን ፀሐይ ወጥታም አይለቅም። ከሁሉ የከበደኝ ሰላምታው ነው። እኛ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቆሞ ልጁን፣ ከብቱን፣ እንሰቱን ሳይቀር ይጠያየቃል። እዚህ «ሰላም ነው?» ብለውህ መልሱን ሳይሰሙ አልፈው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ መልስ ልሰጥ እየዞርኩ ስንት ሰው ጀርባ እንዳየሁ!

ልማርበት የመጣሁት ኮሌጅ ማደሪያ ስላልሰጠኝ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከዱራሜ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሃይማኖትህስ?»

«ፕሮቴስታንት ነኝ።»

«እንግዲህ ሌሊት እየተነሣህ ሃሌ ሉያ የምትል ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ። ግድግዳው ጭቃ ነው። እኔ ለራጉኤል ስሳል ጌታህ ሰምቶ እንዲቀየምብኝ አልፈልግም።»

«ቀስ ብዬ ነው የምጸልየው።»

«ሻንጣህ ውስጥ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቆጮ ነው።»

«እሱም ቀስ ብሎ ይሽተት» አሉና አስገቡኝ።

ማታ ላይ ግን በሬን አንኳኩተው ብርድ ልብስ ሰጡኝ። «የልጄ የሰናይት ነው። እስክትመጣ ልበሰው» አሉኝ። በሰላምታም ቢሆን እትዬ አስካለ እንደ እኛ አገር ሰው ነበሩ፤ ጠዋት ጀምረውኝ ትምህርት ይረፍድብኛል። ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ ማንሳት ለሳቸው ነውር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

በሳምንቱ ጋሽ ጴጥሮስን ላገኘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። አንቱ ብዬ ሰላም ስለው በገዛ ቋንቋችን መለሰልኝ፤ «አንቱ አትበለኝ። ወንድምህ ነኝ።» አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ከምባትኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት መጽሐፍ እንዳነብላቸው የንባብ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ። ልጆቹ አነጋገሬን እያስመሰሉ ይስቁብኛል፤ መጽሐፉ ሲጀመር ግን ጸጥ ይላሉ። ስጨርስ «ጋሼ፣ ትንሽ ጨምር» ይሉኛል። እኔ ጋሼ! ለእናቴ ደውዬ ይህን ስነግራት ሳቋ አላባራም።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ጴጥሮስ በጎ ፈቃደኞቹን ሰብስቦ ትልቅ ዜና ነገረን። ቤተ መጻሕፍቱ «የማኅበረሰብ ኦንላይን አገልግሎት» ሊጀምር ነው። ተማሪው የፈተና ውጤቱን ያያል፤ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ ይፈልጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉባቸው እናቶች በነፃ፣ በኮምፒዩተር ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። እኔ ሰፈሩን ዞሬ ለእናቶች እንዳስረዳ ተመደብኩ። የጀመርኩት ከቤቴ ነው።

«የመንግሥት ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አዎ።»

«ነፃ ነው?»

«ነፃ ነው።»

«እንግዲያው ውሸት ነው።»

«እትዬ፣ ኃላፊው የአገሬ ልጅ ነው። አውቀዋለሁ። እሱ አይዋሽም።»

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ሰናይት ቤሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳን ማዳሟ ይዛባታለች፤ የምትደውለው ለበዓል ነው፣ እሱም ማዳሟ አጠገቧ ቆማ። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። እንደገና ከፈረመች ሌላ ሁለት ዓመት ነው።

«በምትልከው ብር ያስጀመርኩት ቤት እስኪያልቅ እንድትቆይ የምፈልግ ይመስላታል» አሉ። «ቤቱ እንደ ጅምሩ ይቅር። አትፈርሚ፣ ነይ ልላት ነው። በሰው አፍ ግን አልልክባትም። ዓይኔን እያየች ካልሰማች እናቴ ተሳቅቃ ነው ትላለች።»

የማዳሟ ሴት ልጅ ደግ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒዩተሯን ልታውሳት ፈቅዳለች። ሰናይት የምትገኝበትን አድራሻ ከቤሩት የተመለሰች ጓደኛዋ ለጋሽ ጴጥሮስ ሰጠችው። እሱም በቤተ መጻሕፍቱ አካውንት ላይ አስገባው። የመክፈቻውን ቃል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፤ ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተነሣም። እትዬ አስካለ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ሲገቡ ስክሪኑ ላይ ሰናይት ብቅ አለች፤ ሻሽ አስራ፣ ዓይኗን እያሻሸች።

«እንዴት ነሽ ልጄ? እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ምግቡ ተስማማሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ? እግርሽስ?»

እትዬ ስክሪኑን ሳሙት። ካሜራ ያዡ «እማማ፣ ብርሃኑ አላማረም፤ አንዴ ደግመው ይሳሙልኝ» አላቸው። ደግመው ሳሙ። ከወረዳ የመጡት ባለሥልጣን ጠጋ ብለው «እማማ፣ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ በመሆንዎ ምን ተሰማዎት?» አሏቸው።

«ቆዩኝ ጌታው፣ ሰላምታ አልጨረስኩም።»

ሁሉም ሳቁ፤ አጨበጨቡም። እትዬ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የሞተውን፣ የወለደውን በየተራ ለልጃቸው አዳረሱ። እንግዶቹ ለምሳ ወደ ድንኳኑ መውጣት ጀመሩ። ያኔ ነው እትዬ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው «ሰናይቴ፣ አሁን ዋናውን ስሚኝ» ያሉት። ስክሪኑ ጠቆረ። ሠራተኞቹ ገመዱን መንቀል ጀምረው ነበር።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ በሰፊው ያወራሉ፣ እማማ» አለ ጋሽ ጴጥሮስ።

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና መጥቶ ኮምፒዩተሮቹን መጫን ጀመረ። እኔም ለመታዘዝ ስል አብሬ ተሸከምኩ።

«ጋሼ፣ ሊጠገኑ ነው?» አልኩት ጋሽ ጴጥሮስን።

«ሌላ ወረዳ ምረቃ አለ።»

«ለእኛ መቼ ይመለሳሉ?»

ሳቀ። «ምሕረቱ፣ አንተ ገና ፍሬሽማን ነህ። እነዚህ እኮ የምረቃ ኮምፒዩተሮች ናቸው። የእኛ ገና በግዥ ሂደት ላይ ነው።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ አስካለ ያንኑ ነጠላ ለብሰው መጡ። አዳራሹ ባዶ ነበር። በሌላውም ቅዳሜ መጡ። አድራሻውን የሰጠችው ጓደኛ ወደ አገር ቤቷ ገብታ ስላላገኘናት ጋሽ ጴጥሮስን ለመንኩት፤ «አድራሻውን ስጠኝና ከኢንተርኔት ቤት ላገናኛቸው።»

«የመንግሥት አካውንት ከግል ኢንተርኔት ቤት አይከፈትም። ልታሳስረኝ ነው?»

እትዬ አስካለ በመጨረሻ ተሸነፉ። «በሰው አፍም ቢሆን ይድረሳት» አሉኝ። ለጋሽ ጴጥሮስ ነገርኩት። «አትፈርሚ፣ ነይ ብለው ብቻ ይጻፉልኝ ነው የሚሉት» አልኩት። በማግስቱ ስጠይቀው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና በቋንቋችን «ልኬዋለሁ፤ አታስብ» አለኝ። እኔም እየሮጥኩ ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው። ያን ቀን እናቴ በሰው የላከችልኝን ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ቀመሱ። «እስቲ ትምጣና እሷም ታሽተው» አሉ።

በዚያው ሰሞን የምረቃው ዜና በቴሌቪዥን ወጣ። እትዬ ስክሪኑን ሲስሙ ይታያል። ዜና አንባቢዋ እናቶች በየሳምንቱ ከልጆቻቸው ጋር እየተገናኙ መሆኑን ተናገረች። ጎረቤቶቹ «ታድለሽ፤ በየቅዳሜው ታያታለሽ» እያሉ መጡ። እትዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ግቢውን መጥረግ ጀመሩ፤ ጠዋት የተጠረገ ግቢ ነው።

ሰኔ ላይ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ቀበና በኩል ባለ ሌላ ወረዳ ምረቃ ስላለ ገመድ ለመዘርጋት እንዳግዘው ጠራኝ። ኮምፒዩተሮቹን ዐወቅኳቸው፤ አንደኛው ላይ እኔው ስሸከም የጫርኩት አለ። ከፊት አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ ጴጥሮስ አካውንቱን ከፈተ። ስክሪኑ በራ። ሰናይት ነበረች።

«እማዬስ?» አለች።

«እየመጡ ነው» አላት ጋሽ ጴጥሮስ። «እስከዚያው ለእኚህ እናት እጅሽን አውለብልቢላቸው።»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ለካሜራው የምትታይ ልጅ ተፈልጋ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ ተቀምጣ የምትጠብቅ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው የጠሯት። ጋሽ ጴጥሮስ እንግዶቹን ሊቀበል ወደ በሩ ሲሄድ ወንበሩ ጎን ተንበረከክሁ።

«ሰናይት፣ እናትሽ ቤት ተከራይ ነኝ። መልእክቱ ደርሶሻል አይደል?»

«የምን መልእክት?»

«አትፈርሚ፣ ነይ ብለውሻል። ቤቱ እንደ ጅምሩ ይቅር ብለዋል።»

አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «መቼ አለች?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ሐሙስ ፈረምኩ እኮ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ሳትመጣ ስትቀርብኝ፣ ቆዪ ማለቱ ከብዷት ነው የምትሸሸኝ አልኩ። ስለዚህ እሷ ሳትለኝ ፈረምኩላት።»

እንግዶቹ ገቡ። ካሜራው በራ። ሰናይት የማን ልጅ እንደሆነች ያልተነገራቸው እንግዶች አጨበጨቡ። ወንበሩ ላይ ያሉት እናት ስክሪኑን አዩ፤ ወደ እኔም ዞሩና ቀስ ብለው «ልጄ፣ የእኔዋስ መቼ ነው የምትወጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

ውጭ ድንኳኑ ጀርባ ጋሽ ጴጥሮስን አገኘሁት። በቋንቋችን ነው ያናገረኝ። «ምን ላድርግ? ከላይ ነው የታዘዝኩት። መልእክቱን በሥራ ብዛት ረሳሁት። ስትጠይቀኝ ደግሞ ላስከፋህ አልፈለግኩም።»

የንባብ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። «ቁልፉን ይውሰዱ፣ ጋሽ ጴጥሮስ» አልኩት በአማርኛ።

«አንቱ? እኔን?» አለ። የምሩን የተጎዳ ይመስል ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ በር ላይ ናቸው። ሰላምታ ጀመሩ። አቋረጥኳቸው፤ በሕይወቴ የታላቅ ሰው ሰላምታ ሳቋርጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ፊቷ እንዴት ነው?»

«ከስታለች።»

ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉት። «አንተ አልዋሸኸኝም» አሉ። «አንተንም ዋሽተውህ ነው። የገባብኝ ግን በአንተ አፍ ነው፤ ምን ላድርግህ?» ብርድ ልብሱን መልስልኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉኝም። ይህ ከሁሉ ባሰብኝ።

ማታ አባቴ ደወለ። በእኛ አገር ወግ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ ትምህርቱን፣ ብርዱን፣ የቤት አከራዬን እግር ሳይቀር። ከዚያ ድምፁ ደስ እያለው «ጋሽ ጴጥሮስ እንዴት ነው? እሑድ እሑድ በስሙ እየጠራን እንጸልይለታለን» አለ። «የጎረቤታችን ልጅም ለመጪው ዓመት እዚያው ሊማር ይመጣል። ጋሽ ጴጥሮስ ይቀበለዋል ብያቸዋለሁ።»

ከግድግዳው ማዶ እትዬ አስካለ ሲያስሉ ይሰማኛል። አባቴን ምን ልበለው? በዚያ ሰው ቃል ልጁን የሰጠ አባት ነው።

«አባባ» አልኩት፣ «ልጁ ሲመጣ በቀጥታ እኔ ጋ ይምጣ።»

«ለምን? ጋሽ ጴጥሮስ የለም እንዴ?»

«አለ» አልኩት። «ግን እኔ ጋ ይምጣ።»

«እሺ» አለ፣ ያልገባው ሰው በሚልበት ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ይህ የሆነው ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር።