በአንድ ዓረፍተ ነገር መውረድ

ዩኒቨርሲቲ ማሽን ዲዛይን ያስተምረን የነበረው መምህር አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ አሮጌ ፓተንቶች፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት ሰነዶች፣ አደለን። ፈጣሪው «ይሄ የእኔ ነው» የሚለውን ነገር፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለበት አለን። እኔ የደረሰኝ ሰነድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሞላል። ላብ በላብ ሆኜ አንብቤ ስጨርሰው የሚያወራው ስለ ጃንጥላ ነው! በሳቅ ፍርስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! የዚያኑ ዕለት ማታ ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ በታክሲ ስሄድ፣ ወደ ሰፈሬ ስንቃረብ፣ እንደ ሰው «ወራጅ አለ» ማለት አስጠላኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደ ፓተንቱ ጀመርኩ፦ «ሁለት እግር ያለው፣ እግሮቹም ከወንበር ሥር የታጠፉ፣ በሩ በረዳቱ እጅ ሲከፈት እግሮቹን ዘርግቶ ከመኪናው የሚለይ፣ ሂሳቡንም አስቀድሞ የከፈለ፣...»

ረዳቱ አፉን ከፍቶ ያየኛል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ሾፌሩ ግን ይነዳል። ፌርማታዬን አለፍነው። አራት ነጥቡ ሳይመጣ ማቆም ሕግ መጣስ መሰለኝና ቀጠልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የዚህ ዓረፍተ ነገር ፌርማታው የት ነው?»