ኩድራ የበቀለበት መሬት

በክረምት ገንዳ ውሃ ከተማ ገበያ ብትገቡ ኩድራ የሚባለውን የወጥ ቅጠል በእስር በእስር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም ነው፤ ዘሩ ከሱዳን መጥቶ በየጓሮው የተዘራ ነው። ልጅ እያለሁ የምናውቀው ግን ሌላ ነበር። ከሱዳን ሜዳ እስከ እኛ ቆላ ድረስ ማንም ሳይዘራው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥቁሩን አፈር እንዳራሰው ብቅ የሚል፣ ግንዱ ቀላ፣ ቅጠሉ ጠበብ ያለ የዱር ኩድራ ነው። ሲቀቀል እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ከማሽላ ገንፎ ጋር ሳይታኘክ ይወርዳል። ስንለቅመው የዋልን ቀን ሽታው ከጣታችን አይለቅም ነበር።

ለቀማውን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ናቸው። ቅጠሉን አድርቀውና ወቅጠው በበጋ ይሸጣሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ገቢ አልነበራቸውም። የሰሊጥ እርሻ ሜዳውን ሲውጠው የዱር ኩድራ በደንብ የቀረው ከሰፈራችን ጀርባ፣ በክረምት ብቻ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ዳር ነበር። ቦታውን ለእኔ ብቻ አሳዩኝ።

«አናቷን ብቻ ቀንጥቢ» ይሉኝ ነበር በሁለት ጣታቸው እያሳዩ። «ቢጫ አበባ ያወጣችውን እለፊያት፣ እናት ናት። ሥር የነቀልሽ ዕለት ግን አንቺና እኔ አንተዋወቅም!»

አንድ ቀን ቅርጫቴን ሞልቼ ስገባ አባቴ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ስለ ለቀማዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ያን ቀን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ያህል ያድጋል?»

«እስከ ወገቤ!»

«ኧረ ተይ! ዝናብ ሲጥልስ ውሃ ይተኛበታል?»

«አይተኛበትም፤ ወዲያው ይሰርጋል።»

«የት ነው እንዲህ ያለው ቦታ?»

እትዬ ሐዋ እንዳልናገር እንዳስጠነቀቁኝ ነገርኳቸው። ሳቁ። «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ ቅጠልሽን የምበላው? አልነካብሽም፤ ቃሌ ነው።» ቦታውን ተናገርኩ። አባቴ ለነገሬ ጆሮ ሰጡኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ኩድራ ወገብ ድረስ የሚያድግበት፣ ውሃም የማይተኛበት አፈር ለሰሊጥ እንደሚሆን የእኛ አገር ገበሬ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

በዓመቱ ዝናቡ እንደጀመረ ከእትዬ ሐዋ ጋር ወረድን። ዳርቻውን ትራክተር ገልብጦታል። ከአፈሩ ጋር የተገለበጠው ቡቃያ ገና አልጠወለገም። አባቴ ከሹፌሩ ጎን ቆመው እስከ የት እንደሚያርስ በእጃቸው ያሳያሉ።

«ለማን ነገርሽ?» አሉኝ እትዬ ሐዋ። ዓይኔን ወደ አባቴ መለስኩ። ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ተመለሱ። ወደ ሳንጃ እህታቸው ዘንድ ጠቅልለው እስኪሄዱ ድረስ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የገበሬው ልጅ» ነበር የሚሉኝ።

ዛሬ ሰሊጡ ውስጥ የአረም መድኃኒት ስለሚረጭ የዱሩ ኩድራ ትራክተርና መርጫ ከማይደርሱበት አጥር ሥር ካልሆነ አይገኝም። አምና ከመቃብር አጥር ሥር ጥቂት እግር አገኘሁ። አናታቸውን እንኳ ሳልነካ ዘር እስኪይዙ ጠበቅኩና ጓሮዬ ዘራሁት፤ ዘንድሮ በቀለ። አብስዬ ለአባቴ አቀረብኩላቸው። አርጅተዋል፤ አንዴ ሲጎርሱ ግን ፊታቸው በራ። «ይሄማ የድሮው ነው!» አሉ።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ጥያቄ መጠየቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ለዓመታት ውጬው ኖሬአለሁ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ አልነካብሽም ብለው ቃል ገብተውልኝ አልነበር?»

ግራ ገባቸው። «ለማን?»

«ለእኔ።»

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አሉና እንድጨምርላቸው ሳህናቸውን ዘረጉልኝ።