«የሚያበላው የሌለው ሽማግሌ» ያለችኝ ስፔናዊት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ረመዳን ነው። ወራት አልፈውታል፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ።

የወሎ ሰው ነኝ። አዋሽ ከተማ ገብቼ ጎሚስታ ከከፈትኩ ወዲህ ፀጉሬ ሸብቷል። ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች «ፋዘር» ይሉኛል።

ያን ቀን ከዙህር በፊት አንዲት የቱሪስት መኪና ጎማ ተንፍሶባት መጣች። ሾፌሩ መኪናዋን ትቶልኝ ምሳ ሊበላ ሄደ። የቀረችው አንዲት ወጣት ፈረንጅ ናት። ጎማውን ፈታሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ መልሼ አሰርኩ። ቆማ ታየኛለች። ብስኩትና ውኃ ዘረጋችልኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አልፈልግም አልኳት። ጾመኛ ነኝ እንዳልላት ቋንቋው የለኝ።

ሾፌሯ እስኪመለስ ሰገድኩና ሸሚዜን አውልቄ ከቆመ ተሳቢ ጥላ ሥር ሰሌኔ ላይ ጋደም አልኩ። የአዋሽን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ መኪናዋ የለችም። እኔም ረሳኋት።

ለዒድ ሰመራ ወደ ልጄ ወደ ከድጃ ሄድኩ። ባሏ ባለሱቅ ነው፤ የሚኖሩት ከእናቱ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ነው። ገና ስገባ ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ። የልጄ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

እትዬ ዘሃራ ስልክ አመጡና «ይኼ አንቱ አይደሉም?» አሉኝ።

እኔው ነኝ። አፌን ከፍቼ፣ ከንፈሬ ደርቆ፣ የጎድን አጥንቴ እየተቆጠረ። ጎሚስታው የለም። ጎማው የለም። ያቺ ፈረንጅ ተኝቼ አንስታኝ፣ ሌላውን ቆርጣ ጥላ ስልክ ላይ ለጥፋዋለች። ፎቶውን ጅቡቲ ያለው የአማቼ ወንድም ነው አይቶ የላከላቸው። ከሥሩ የተጻፈውን ያነበበችላቸው ጎረቤታቸው ሐያት ናት። እሷ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እሳተ ገሞራና ጨው ሊያዩ ከሚመጡት ቱሪስቶች ጋር እሠራለሁ ብላ ስፓኒሽ ተምራለች። «የሚያበላው የሌለው ሽማግሌ» ይላል አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ።

እትዬ ዘሃራ ወደ ልጄ ዞሩ። «አባትሽን እንዲህ ጥለሽ ነው እዚህ የምትጎርሺው? ቤቴ ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ምግብ አጥቶ ነው? ዘመድ ምን ይለኛል?»

«ኧረ ጾመኛ ነበርኩ!» አልኩ።

«እኛስ እንመን። ይህን ያየውን ሁሉ እየዞሩ ይነግሩታል?»

ልጄ በሰው ቤት በእኔ ምክንያት አንገቷን ስትደፋ ማየት አልቻልኩም። ፎቶው መጥፋት አለበት አልኩ።

ሐያት ለሴትዮዋ ጻፈችላት። ሳምንት ሞላ፤ መልስ የለም።

«አባባ፣ ስንት ሺህ ሰው ነው የሚከተላት። የሁሉን አታነብም።»

«ወዴት ስትሄድ ነው የሚከተሏት?»

«የትም አትሄድም። ቁጭ ባለችበት ነው።»

«እንግዲያው በድምፅ ይላክላት።»

«እኔ ልናገርልዎ፤ ያውም በደቂቃ።»

«የተሰደብኩት እኔ፣ የምትመልሺው አንቺ? አይሆንም። በራሴ አፍ ነው።»

በዚህ ዕድሜዬ ስፓኒሽ ውስጥ የገባሁት እንዲህ ነው።

ወደ አዋሽ ተመለስኩ፤ ሐያት በስልክ ታስተምረኝ ጀመር። እኛ ጎማ ስንለጥፍ የተበሳውን ቦታ በጠመኔ ምልክት እናደርግበታለን። በዚያው ጠመኔ ቃሉን ጎማው ላይ እጽፍና ስሠራ እሸመድደዋለሁ። «ፎቶ» ያው ፎቶ ነው፤ እሱ ተመቸኝ። የቀረው አበሳ ነው። ስልክ ላይ መለጠፍን «ሱቢር» ይሉታል፤ ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው አለችኝ። ስልክ ውስጥ ምን ዳገት አለ? መከተል «ሴጊር»፣ ማጥፋት «ቦራር»። ቶሎ የገባኝ «ሜ ጉስታ» ነው፤ እኛ «ደስ ይለኛል» እንደምንለው ነው። ከፎቶዬ ሥር ያንን የተጫኑት ሁሉ ምኑ ደስ እንዳላቸው ግን ሐያትም ልትነግረኝ አልቻለችም።

ቃሉ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ለእኔ ሌላ፣ ለእሷ ሌላ፣ ለትናንት ሌላ።

«የኛስ እንደዚያው አይደል?» አለችኝ።

«የኛን ማንም አላስተማረኝም!» አልኳት።

«አጥፊው» ማለት ላይ ስንደርስ ተጣላን። ለማያውቁት ሰው በአንቱ ነውና «ቦሬ» ይበሉ አለችኝ።

«የልጅ ልጄን የምታክለውን አንቱ ልበላት? ያውም ሰድባኝ?»

«እንግዲያው ፎቶው ይቆይ፤ ምን ቸገረኝ!»

ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ልጄን አስቤ ደወልኩ። «ቦሬ» ይሁን አልኩ።

ሾፌሮቹ መሣቂያ አደረጉኝ። አንዱ የተሠራለትን ጎማ ሲያይ «ፋዘር፣ ምን ደገምክበት? ዲቾቶ ሳልደርስ እንዳይፈነዳብኝ!» ብሎ አሣቀብኝ። ያ ጎማ ላይ የተጻፈው «ጾመኛ ነበርኩ» የሚለው ነበር። ጭኖት ሄደ። ቃሉ ጅቡቲ ገባ፤ እኔ እንደገና ወደ ሐያት ደወልኩ።

ሁሉንም ያዝኩ ስል አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰመራ ወረድኩ። እትዬ ዘሃራ ፊት ካልሆነ አልናገርም አልኩ። ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሐያት ስልኩን ደገነችልኝ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንዴ ጭራሽ የራበኝ አስመሰልኩት። በአራተኛው ግን ወጣልኝ፤

«ዮ ኖ ቴኒያ አምብሬ። ኤስታባ አዩናንዶ። ቴንጎ ኡና ኢኻ። ቦሬ ላ ፎቶ፣ ፖር ፋቮር።»

አልራበኝም ነበር፤ ጾመኛ ነበርኩ። ልጅ አለችኝ። ፎቶውን ያጥፉት፣ እባክዎ። ይኸው ነው። ለዚህች ነው ያን ሁሉ ጠመኔ የጨረስኩት።

በማግሥቱ ሴትዮዋ በድምፅ መለሰች። እንደ መትረየስ ነው የምታወራው። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የሰማሁት «ፎቶ» እና «ኢኻ» የሚለውን ብቻ ነው። በሽቄ ልነሳ ስል ሐያት ያዘችኝ። ይቅርታ ጠይቃለች፣ እንደ ጾሙ አላወቀችም፣ ፎቶውንም አጥፍታዋለች አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከድጃ እጄን ሳመችኝ።

እትዬ ዘሃራ ስልካቸውን ሲነካኩ ቆዩና «ይኼስ?» አሉ።

ያው ፎቶ ነው። በሌላ ሰው ስም።

ሐያት አየችው። «ይኼ ያጋሩት ነው። ‹ኮምፓርቲር› ይባላል። ወደየራሳቸው ወስደው ለጥፈውታል፤ እሷ ብታጠፋም እነሱ ጋር ይቀራል።»

«ይህን ቃል መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው፣ አባባ።»

ከድጃ በበኩሏ አንድ ነገር አደረገች። ጥብስ የሞላ ሳህን ፊቴ አስቀምጣ ስበላ አነሳችኝና ጅቡቲ ላለው ለባሏ ወንድም ላከችው። ማታውኑ መልስ መጣ፤ «አሁን ገና ማብላት ጀመራችሁ?»

እትዬ ዘሃራ ያን ካነበቡ ወዲህ ሰመራ በሄድኩ ቁጥር አጠገቤ ተቀምጠው ሳህኑን እስክጨርስ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ጠገብኩ ብል አይሰሙኝም። ልጄም ቆማ ትጠብቃለች፤ ስለ እሷ ብዬ እውጠዋለሁ።

ሴትዮዋን ለአላህ ብዬ ይቅር ብያታለሁ። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። የሞትኩ አልነበርኩም፤ እዚያው እግሯ ሥር የተኛሁ ሰው ነበርኩ። ትከሻዬን ነካ አድርጋ ብትቀሰቅሰኝ ምን ነበረበት? እኔ እንኳን ለሰው፣ ለብስክሌት ጎማም እነሳለሁ።